በጓያ ላይ የጀመርኩትን ጥናት በባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ዶክትሬት ለመቀጠል የት ላመልክት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። የማስተርስ ጥናቴ በጓያ ላይ ነበር። ፍሬው ኦዳፕ የተባለ አሚኖ አሲድ አለው፤ ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለወራት ጓያ ብቻ ሲመገብ እግርን ሽባ የሚያደርገው ይኸው ነው። በልጅነቴ በሁለት ምርኩዝ እየተደገፈ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ በጣቶቹ ጫፍ የሚራመድ ወጣት ጎረቤት ነበረን፤ ወደዚህ ትምህርት የሳበኝ እሱ ነው። በጥናቴ፣ መዘፍዘፍና መቁላት የኦዳፑን መጠን ምን ያህል እንደሚቀንሱ ለካሁ። ከዱቄቱ የወጣውን ጭማቂ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አፍልቼ ሪኤጀንቱን፣ ማለትም ቀለም የሚያወጣውን ኬሚካል፣ ስጨምርበት ቱቦው ቢጫ ይሆናል፤ ያንን ቢጫነት በ420 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ አነባለሁ።

አሁን ማወቅ የምፈልገው ተክሉ ኦዳፕን በየትኛው ኢንዛይም እንደሚሠራው ነው። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮኬሚስትሪ፣ ሌሎች ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ የሚሉት ልዩነቱ ምንድን ነው? አገር ውስጥ ልማር ወይስ ውጭ ላመልክት? ያለፋችሁበት ሰዎች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፣ በአሜሪካ የአራተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ

ውድ እህቴ፣ ስሙ አያስጨንቅሽ። ሚሺጋን፣ ጆንስ ሆፕኪንስ እና ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ትምህርት ቤታቸው ሥር ያለውን ክፍል ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ይሉታል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ሥራ ባዮኬሚስትሪ ይለዋል። መመልከት ያለብሽ አማካሪው ባለፉት አምስት ዓመታት ያሳተመውን ነው።

ስለ ጥያቄሽ ግን በግልጽ ልንገርሽ። ኦዳፕ የሚሠራበትን የመጨረሻ እርምጃ የሚያከናውነው ኢንዛይም ተለይቷል፤ የክሪስታል ቅርጹን ጭምር የያዘ ጽሑፍ በ2022 እ.ኤ.አ. በጆርናል ኦፍ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ ወጥቷል። ሳታነቢው ማመልከቻ ብትጽፊ፣ መስኩን የሚያውቅ አንባቢ በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያቆማል። ይህን የምለው እኔም ማንም ያልሠራው መስሎኝ የጻፍኩት ሐሳብ ቀድሞ የታተመ ሆኖ በመገኘቱ አንድ ዓመት ስለባከነብኝ ነው።

እዚህ በአብዛኛው ማስተርስ አይጠየቅም። ትምህርቱ ከአምስት እስከ ስድስት ዓመት ይፈጃል፤ የትምህርት ክፍያው ይሸፈናል፣ ለኑሮም ወርሃዊ ገንዘብ ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ በሦስት ላቦራቶሪዎች እየተዘዋወርሽ ለሳምንታት ትሠሪያለሽ፤ ሮቴሽን ይሉታል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ አማካሪሽን በወረቀት ሳይሆን አብረሽ ሠርተሽ ትመርጫለሽና። የማመልከቻው ጊዜ ብዙ ቦታ በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል።

ብዙዎቻችንን የሚጎዳን የድጋፍ ደብዳቤው ነው። «ጎበዝና ሥነ ምግባር ያላት ተማሪ ናት» የሚል ደብዳቤ ምንም አይናገርም። መምህርሽ ንባቡ ከናሙና ናሙና ሲዋዥቅብሽ ምን እንዳደረግሽ፣ ስህተቱን እንዴት እንደደረስሽበት ቢጽፉልሽ ግን ያስነብባል። የሠራሽውን በአንድ ገጽ ጽፈሽ አስቀድመሽ ስጫቸው። ደብዳቤው የሚላክበት ሊንክ የሚሄደው ወደ ኢሜይላቸው ስለሆነና አንዳንድ ፕሮግራሞች የግል ኢሜይልን ስለማይቀበሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸው የሚሠራ መሆኑንም አረጋግጪ።

መልስ፣ ከጀርመን

ከላይ ባለው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ማስተርስ ላላት ሰው አውሮፓ መንገዱን ያሳጥራል ባይ ነኝ። እዚህ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው በውል የተቀጠረ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዝና የጤና መድን አለው፣ ሥራውም ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይወስዳል። ውሉ 65 በመቶ ቢልም ላቦራቶሪ የምትውዪው ሙሉ ቀን መሆኑን አውቀሽ ግቢ። የሮቴሽን ዕድል ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ከመፈረምሽ በፊት ከአማካሪው ተማሪዎች ጋር ብቻሽን ለመነጋገር ጠይቂ።

ለአንቺ ጉዳይ የሚስማሙ ቦታዎች አሉ። የና ከተማ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኬሚካል ኢኮሎጂ ኢንስቲትዩት እና ሃሌ የሚገኘው የላይብኒትስ የእፅዋት ባዮኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት እፅዋት መሰል ውህዶችን እንዴት እንደሚሠሩ ያጠናሉ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ኖሪች ያለው ጆን ኢንስ ማዕከል በራሱ በጓያ ላይ ሠርቷል። ለፕሮፌሰር ስትጽፊ ለሃምሳ ሰው የሚላክ ደብዳቤ አትላኪ፤ ከሥራቸው አንድ ውጤት ጠቅሰሽ በዚያ ላይ የራስሽን ጥያቄ አቅርቢ።

መልስ፣ አገር ውስጥ የሚያስተምር

እኔ ዶክትሬቴን የሠራሁት እዚሁ ነው፤ ለአንድ ዓመት ያህል ውጭ ባለ ላቦራቶሪ ቆይቼ ተመልሻለሁ። እኅታችን ይህን ሳንድዊች የሚባለውን መንገድ ሳትመረምር እንዳትተወው እለምናታለሁ። ችግሩን አልደብቅም። ሪኤጀንት በውጭ ምንዛሪ እጥረት ወራት ይዘገያል፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ መብራት ጠፍቶ፣ ጄኔሬተሩም ሳይነሳ ቀርቶ፣ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀመጥኩት የስምንት ወር የፕሮቲን ናሙና ሰኞ ጠዋት ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲህ ናሙናዬን በሁለት ሕንፃዎች ከፍዬ አስቀምጣለሁ። ነገር ግን ማሳው፣ የዘር ስብስቡና ጓያውን የሚበላው ገበሬ ያሉት እዚህ ነው፤ ኢንዛይሙን ኖሪች ማጥራት ይቻላል፣ የወሎዋን የደላንታን ድርቅ ግን እዚያ ማግኘት አይቻልም።

ውጭ ለመሄድ ከወሰኑ የትምህርት ፈቃድ ውሉንና የሚጠየቀውን ዋስ በጥሞና ያንብቡ፤ የወጪ መጋራት ጉዳይና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ጊዜ ስለሚበሉ ከወዲሁ ይጀምሩት።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ትናንት ማታ አግኝቼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኢንዛይሙ ኦክሳሊል ኮኤ ከተባለው ሞለኪውል ኦክሳሊል የተባለውን ክፍል ወስዶ ዳያሚኖፕሮፒዮኒክ አሲድ በተባለ አሚኖ አሲድ ላይ ይለጥፈዋል፤ ኦዳፕ የሚሆነው ያኔ ነው። ጥያቄዬ ተመልሶ በማግኘቴ መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ሲነጋ ግን ሌላ ተተካ። ጓያ ውሃ ሲያጥረው ኦዳፑ ሊጨምር እንደሚችል ይታወቃል፤ ሰዎች ጓያ ብቻ የሚበሉትም በድርቅ ዓመት ነው። በዚያ ጊዜ የሚበዛው ኢንዛይሙ ራሱ ነው ወይስ ኦክሳሊል ኮኤው? ዋሴ በተባለው ዝቅተኛ ኦዳፕ ባለው ዝርያና በገበሬው ዘር መካከልስ ልዩነት ይኖር ይሆን? ለየና እና ለኖሪች የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ ሁለቱን ዘሮች ደግሞ በዚህ ክረምት ማብቂያ በግቢያችን ማሳ ላይ ጎን ለጎን እዘራቸዋለሁ።