የኑግ ዘይት ለፊት ቆዳ፦ ከመጭመቂያ የምንገዛውን መቀባት ይቻላል?

ጠያቂ፣ ከአዳማ

ጤና ይስጥልኝ። ከጥቅምት ጀምሮ የአዳማ ነፋስ ሲበረታ ፊቴ ይደርቃል፤ በአፍንጫዬ ዙሪያም ቆዳዬ ይላጣል። ግንባሬና አገጬ ግን ወዛም ናቸው፣ አልፎ አልፎም ብጉር ያወጣሉ። ቫዝሊን ድርቀቱን ቢያስታግስልኝም በቀን ሙቀት ይከብደኛል። እናቴ ለወጥ ከመጭመቂያ የምንገዛውን የኑግ ዘይት እጅና እግሯን ስትቀባ ኖራለች፤ ቆዳዋም እጅግ ለስላሳ ነው። እኔ ለፊቴ ብጠቀምበት ብጉሩን ያባብስብኝ ይሆን? ከሰሊጥና ከተልባ ዘይትስ የትኛው ይመረጣል? ሻጮች «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ይላሉ፤ እኔ ግን ምክንያቱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

የመድኃኒት ባለሙያ

እህቴ፣ የዘር ዘይቶች ሁሉ በቆዳ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም፤ ልዩነቱ በአብዛኛው የሚመጣው በውስጣቸው ካለው የቅባት አሲድ ነው። የአገራችን ኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ የቆዳችን የላይኛው ሽፋን ውኃ እንዳያፈስ የሚያደርጉት ቅባቶች የሚሠሩበት፣ ሰውነታችን ግን በራሱ ሊያመርተው የማይችለው ንጥረ ነገር ነው። በአንጻሩ የወይራና የሽፈራው ዘር ዘይት በኦሌይክ አሲድ የበለጸጉ ናቸው። የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሳምንታት በክንድ ላይ የተቀባ የወይራ ዘይት የቆዳውን ሽፋን ሲያዳክም፣ ሊኖሌይክ አሲድ የሚበዛበት የፈረንጅ ሱፍ ዘይት ግን ሽፋኑን እንዳልጎዳ አሳይተዋል። ኑግ በአሲድ ይዘቱ የሚቀርበው ለሱፉ ነው።

የሰሊጥ ዘይት ሁለቱን አሲዶች በተቀራረበ መጠን የያዘና ቶሎ የማይበላሽ ነው፤ ሰሊጥ ሲበሉ አለርጂ የሚነሣባቸው ሰዎች ግን ሊርቁት ይገባል። የተልባ ዘይት አየርና ብርሃን ሲያገኘው በፍጥነት ስለሚበላሽ ለፊት አልመክረውም።

ብጉርን በተመለከተ፣ ብጉር ባለባቸው ሰዎች ወዝ ውስጥ የሊኖሌይክ አሲድ ድርሻ ዝቅ ብሎ መገኘቱ እውነት ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዘይቱ ብጉር ይፈውሳል ማለት ግን የሻጮች ድፍረት እንጂ የሳይንስ ድምዳሜ አይደለም። በተጨማሪም ዘይት ለቆዳ ውኃ አይሰጥም፤ ያለው ውኃ እንዳይተን ይከለክላል እንጂ። ስለዚህ ፊትን ታጥቦ ገና እርጥበቱ ሳለ ሁለት ሦስት ጠብታ መቀባት ደረቅ ቆዳ ላይ ከማፍሰስ ይሻላል።

በዘይት መጭመቂያ የሚሠራ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ ላይ የሥራውን በኩል ልጨምር። ለምግብ የሚጨመቀው ኑግ ዘይቱ በደንብ እንዲወጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይሞቃል፤ ለወጥ ተወዳጅ ያደረገው ጠረንም ከዚያ ይመጣል። ለፊት የሚሆነው ግን ዘሩ ሳይቆላ የተጨመቀ፣ ዝቃጩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘቅጥ ቆይቶ በንጹሕ ጨርቅ የተጣራ ዘይት ነው። በፀሐይ ላይ በተደረደረ ነጭ ጀሪካን የተቀመጠ ዘይት፣ ጥሩ ዘር ቢሆንም እንኳ፣ ለቆዳ አይግዙ። ጥቂት ገዝተው በጠቆረ ጠርሙስ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ሽታው መቆምጠጥ ከጀመረ ይድፉት። ርካሽ ፓልም ዘይት የሚቀላቅሉ ነጋዴዎች ስላሉም፣ ሲቻል ፋጉሎው ሲወጣ እያዩ ከመጭመቂያው አፍ ይቀበሉ።

በቆዳ ሕክምና ክፍል የምሠራ

ውድ ጠያቂ፣ ስለ ዘይቱ የተባለው ትክክል ነው፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን የገለጹት የቆዳ ሁኔታ ነው። ወዛም ግንባር ባለው ፊት ላይ በአፍንጫ ዙሪያ የሚታይ መላጥ ሁልጊዜ የነፋስ ድርቀት አይደለም። በቅንድብዎ ወይም ከጆሮዎ ጀርባ ቅርፊት፣ በራስዎም ላይ ፎረፎር አለ?

ጠያቂ፣ ከአዳማ

በቅንድቤ ውስጥ አለ፤ ፎረፎሩም ከነፋሱ ወራት ጋር ይመጣል። ሁለቱ ይገናኛሉ ብዬ ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር።

በቆዳ ሕክምና ክፍል የምሠራ

እንግዲያው ሴቦሪክ ደርማታይተስ የሚባለው ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ አንዳች ዘይት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪም ይየው። በዚህ ሕመም ውስጥ ድርሻ ያለው ማላሴዚያ የተባለ ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖርና የሚመገበውም የቅባት አሲድ ነው፤ የኑግም ሆነ የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ሲቀቡት ምግብ ያቀርቡለታል። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚገኝ ቅባት በመሆኑ ይህን ፈንገስ አይመግበውም፤ የሚከብድዎትን ያህል ቀንሰው ማታ ማታ በስሱ መቀባቱን ይቀጥሉ። ሕመሙ ከተረጋገጠ ኬቶኮናዞልን የመሰለ የፈንገስ መድኃኒት ብዙ ጊዜ በሚገባ ያስታግሰዋል።

ለእጅና ለእግርዎ የእናትዎን ኑግ ያለ ስጋት ይቀቡ፤ አስቀድመው ግን በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ የጎመን ዘር ዘይት እንዳይቀባ አደራ እላለሁ፤ በውስጡ የሚበዛው ኤሩሲክ አሲድ ለስስ ቆዳ አይስማማም።