እናቴ ጭንቅላቷ ውስጥ ስቴንት አለ፤ ጥርስ ለማስነቀል መድኃኒቷን ታቁም?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ አኒዩሪዝም (የደም ስር ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ ሲነፋ) ተገኘባትና ግንቦት ላይ ሕንድ ወስጃት ስቴንት (ደም ስር ውስጥ የሚቀመጥ የሽቦ ቱቦ) ገባላት። በብሽሽቷ በኩል ነው የገቡት። ፍሎው ዳይቨርተር የሚሉት ዓይነት ነው፣ ከቀጭን ሽቦ የተጠለፈ። በየቀኑ ደም ማቅጠኛዎቹን ክሎፒዶግሬልና አስፕሪን ትውጣለች። እስካሁን ደኅና ናት። ቅዳሜ ገበያ ወርዳ በሽንኩርት ዋጋ ተከራክራ ትመለሳለች።

አሁን መንጋጋዋን አመማት። ጥርስ ክሊኒክ ስንሄድ "ይነቀላል፣ ግን ደም ማቅጠኛውን ለአንድ ሳምንት አቁማችሁ ተመለሱ" አሉን። የሕንዱ ሐኪም ደግሞ ስንወጣ "ማንም ቢላችሁ ሳትጠይቁኝ እንዳታቆሙ" ብሎናል። ኢሜይል ልኬለት እየጠበቅሁ ነው። እሷ ማቆሙን ወዳዋለች። ክንዷን ትንሽ ነካ ካደረጋት ይጠቁራል፤ "ይኸ ነገር ደሜን ጨረሰው" ትላለች። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፣ ቆራቢ ናት፣ ከቅዳሴ በፊት ውኃ እንኳ አትቀምስም። ማንን ልስማ?

ሲስተር ከማራኪ፦
ወንድሜ፣ የሕንዱን ስማ። በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሽቦ ለሰውነት ባዕድ ነው። ውስጡን የደም ስሩ ስስ ሽፋን እስኪያለብሰው ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ሄዶ ሊለጠፍበት፣ ደም ሊረጋና የደም ስሩ ሊዘጋ ይችላል። ያ ማለት ስትሮክ ነው። ሁለቱ መድኃኒቶች የሚከለክሉት ይህንን ነው። እናትህ ገና ሦስት ወራቸው ነው፤ አሁን ማቆም አደገኛ ነው። የድድ ደም በጨርቅ ተጭነህ ታቆመዋለህ። አንጎል ውስጥ የረጋውን በምን ትጫነዋለህ?

አንድ ጥርስ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይነቀላል። ሐኪሙ ይሰፋዋል፣ ጎዝ ያስነክሳቸዋል፣ ሳይደማ መቆሙን አይቶ ይሸኛቸዋል። ጠዋት ይሁን፤ ቢደማ ቀን ላይ ትመለሳላችሁ። ሌሊት አዘዞ ላይ ባጃጅ ስትፈልግ አታድር።

ጾሙ ቀላል ነው። መድኃኒቱ በቀን አንዴ ከሆነ ማታ እራት በልተው ይዋጡ። ሰዓቱን ስትቀይሩ ግን አንድ ቀን እንዳይዘለል።

ፋርማሲስቱ (ፒያሳ)፦
ሲስተር ጨርሳዋለች፤ እኔ የምጨምረው ከመደርደሪያዬ ነው። ለጥርስ ሕመም ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እንዳትገዛላቸው። ከክሎፒዶግሬሉና ከአስፕሪኑ ጋር ሲደመሩ ጨጓራ ሊያደሙ ይችላሉ፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ የአስፕሪኑን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ፓራሲታሞል ይበቃል። ጨጓራ አለባቸው? የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል። ፓንቶፕራዞል ይሻላል፣ ሐኪም አስቀይር። ሰው ኦሜፕራዞልን እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው፣ የሚጠይቀው የለም።

ደግሞ ክሎፒዶግሬሉ ሊያልቅ ሲል አትጠብቅ። ሳያልቅ ግዛ።

ጋሽ ደባርቅ፦
የታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ስቴንት ገብቶለታል። ብሽሽቱ በልዞ ነበር፤ ብልዙ ቢጫ ሆኖ ጠፋ። እናትህ ወራት ስላለፋቸው ይህ አያሳስብህም። ሌላ አዲስ የሚሠራለት ሰው ካነበበ ግን፦ እብጠቱ ካደገ፣ ከደነደነ፣ እንደ ልብ ከመታ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

እኛን ያስደነገጠን ሌላ ነው። በስድስት ወሩ ምርመራ ስቴንቱ ውስጥ ሥጋ በዝቶ የደም ስሩ ጠበበ ተባለ። ሰውየው እኮ ምንም አላመመውም! እርሻው ላይ ነበር። መድኃኒቱን አራዘሙለት፣ በኋላ ሲታይ ተሻለው። ስለዚህ "ደኅና ናት፣ ለምን ገንዘብ እናወጣለን" ብላችሁ ምርመራውን እንዳትተዉት።

ሲስተር ከማራኪ፦
ጋሼ እውነታቸውን ነው። ቤት ላላችሁትም ይህን ንገሩ፦ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከሰነፈ፣ አፍ ከተሳሰረ፣ አንድ ዓይን ድንገት ከጨለመ ወይም ከዚህ በፊት የማያውቁት ከባድ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ ጸበልም ዘመድም አይጠበቅም። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የሕንዱ ሐኪም ዛሬ መለሰ፣ "ሳታቁሙ ይነቀል" አለ። መልእክቱን ለጥርስ ሐኪሙ አሳየሁት። አንብቦ ዝም አለና "እሺ፣ ሰኞ ጠዋት አምጣት፣ እሰፋዋለሁ" አለኝ። ፋርማሲስቱ፣ ቦርሳዋን ስፈትሽ ኦሜፕራዞል አገኘሁ። ጎረቤት ነው የሰጠቻት። ፓንቶፕራዞል እናንተ ጋ አለ?

ፋርማሲስቱ (ፒያሳ)፦
አለ። ማዘዣውን ይዘህ ና።