ጥያቄ፦ ለቴሌስኮፕ የሠራሁት ሽብልቅ መሠረት ሳላስመዘግበው አደባባይ ወጣብኝ፤ ፓተንት አሁንም ይቻላል?

ዘጠኝ ዲግሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ነገ ጠዋት መልስ መስጠት ስላለብኝ የምታውቁትን በአስቸኳይ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው። ለኢኳቶሪያል ማውንቴ (ቴሌስኮፑን ይዞ የሰማይን መዞር እየተከተለ ለሚያዞረው ክፍል) ከትሪፖዱ (ከባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ) በላይ የሚገባ ሽብልቅ መሠረት ሠርቼ በደንብ እየተጠቀምኩበት ነበር። አሁን ግን ጓደኛዬ ሳያማክረኝ ቪዲዮውን ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ላሜራውን የቆረጠልኝ ቶርኖ ቤትም ሁለተኛ አምርቶ በሩ ላይ አስቀምጦታል፤ ባለቤቱም «ስዕሉን ይዘህ ና፣ በብዛት እናምርት» ብሎ ለነገ ቀጥሮኛል። ስዕሉን ብሰጠው መብቴ ይጠፋል? ወይስ በቪዲዮው ምክንያት አስቀድሞ ጠፍቷል?

ቀልደኛው ጁፒተር፦
ወንድሜ፣ አይዞህ። አንድ ፈጠራ ፓተንት ለማግኘት ከሚጠየቁት ሦስት መመዘኛዎች አንዱ በኢንዱስትሪ ሊመረት መቻሉ ነው፤ ቶርኖ ቤቱ ሁለተኛውን አምርቶ ይህን በነፃ አረጋግጦልሃል። የቀሩህ ሁለት ብቻ ናቸው።

ባለ ትልቁ መስታወት፦
እኔ ደግሞ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ራሱ ተገቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ። ጆን ዶብሰን በሳን ፍራንሲስኮ ከጣውላና ከካርቶን ቱቦ የሠራውን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ማውንት ማንም እንዲሠራው ለቀቀው እንጂ ፓተንት አላወጣበትም። እንግሊዛዊው ጆን ዎልም የክሬይፎርድ ፎከሰር (የቴሌስኮፑን ምስል የሚያጠራው ክፍል) አሠራርን እ.ኤ.አ. በ1971 በጽሑፍ አውጥቶ ለሁሉም ሰጠ፤ ዛሬ ጥርስ የሌለው፣ በኩሽኔታ ላይ የሚንሸራተት ፎከሰር ያልገጠመ አማተር ማግኘት ይከብዳል። በአገራችን ኢኳቶሪያል ማውንት ያለው ሰው ስንት ሆኖ ነው ለፓተንት በየዓመቱ ክፍያ የምትከፍለው? ይልቅስ ስዕሉን እዚሁ ለጥፍልንና ሁላችንም እንሥራው።

ጋሽ ሌንስ፦
ልጆቼ፣ የዚህ ጥያቄ ታሪክ ከቴሌስኮፕ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። በሚድልበርግ ከተማ መነጽር ሠሪ የነበረው ሃንስ ሊፐርሼይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1608 ሩቁን የሚያቀርብ መሣሪያ ይዞ ለኔዘርላንድስ ሸንጎ የብቸኝነት መብት እንዲሰጠው አመለከተ። መሣሪያው ተሞክሮ እጅግ ተወደደ፤ በሁለት ዓይን የሚታይበት ሆኖ እንዲሠራም ታዘዘ፣ ለሥራውም ጥሩ ገንዘብ ተከፈለው። ነገር ግን በዚያው ወር ያኮብ ሜቲየስ የተባለ የአልክማር ሰው ተመሳሳይ ማመልከቻ ይዞ በመቅረቡና ዕውቀቱ በሌሎችም ሰዎች ዘንድ እንዳለ በመታወቁ የብቸኝነት መብቱን ከለከሉት። ሁለት ሌንስ በአንድ ቱቦ ውስጥ በትክክለኛ ርቀት ማስቀመጥ አንዴ ካዩት ለመኮረጅ ቀላል ነበር፤ ጋሊልዮም በዓመቱ ወሬውን ብቻ ሰምቶ የራሱን ሠራ። እንግዲህ ልጄ ዘጠኝ ዲግሪ፣ የአንተን ዕቃ ከሚለየው ነገር ተነሥተህ ጠይቅ፤ እስካሁን ግን ምን እንደሚሠራ እንኳ አልነገርከንም።

የእንጦጦ ንፋስ፦
ጋሽ ሌንስ እውነታቸውን ነው። ችግሩ እኔ የምገምተው ከሆነ ግን መፍትሔው ሽብልቅም ፓተንትም አያስፈልገውም። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የማውንቱ ዋልታ ዘንግ (ወደ ሰማይ ሰሜን ዋልታ ማነጣጠር ያለበት መዞሪያው) ከአግድም 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ማለት አለበት፤ ብዙ መካከለኛ ማውንቶች ግን ለአውሮፓና ለአሜሪካ ታስበው የተሠሩ በመሆናቸው ወደዚያ አይወርዱም። ቢወርዱም የሚዛን ክብደቱን የተሸከመው ዘንግ ሲዞር ከትሪፖዱ ሰሜናዊ እግር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ትሪፖዱን አዙሮ አንዱን እግር ወደ ደቡብ፣ ሁለቱን ወደ ሰሜን ማድረግ ነው፤ ክብደቱ በሁለቱ መካከል ያልፋል። የጎደለውን ዲግሪ ደግሞ የደቡቡን እግር በማስረዘም ታገኘዋለህ። ሰሜን ኮከብን በእንጦጦ ተራራና በባሕር ዛፉ መካከል ፈልጎ ማግኘት ግን ሌላ ርዕስ ነው።

ዘጠኝ ዲግሪ (ጠያቂ)፦
ጋሼ፣ የእርስዎን ምክር ተከትዬ ላብራራ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ቪዲዮው የወጣው ባለፈው ሳምንት ነው። ማውንቴ ከ20 ዲግሪ በታች አይወርድም። እግር የማስረዘሙን ዘዴ ሞክሬዋለሁ፤ ትሪፖዱ በሙሉ ያዘነብላል፣ ቴሌስኮፑን ባዞርኩ ቁጥርም ልቤ ይሰቀላል። የእኔ ሥራ በአንድ በኩል በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ላሜራዎች ናቸው። ልዩነቱ የላይኛው ላሜራ በጎንና በጎኑ ባሉ ዘንበል ያሉ ስንጥቆች እየተመራ፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ራሱ ወደ ሰሜን መገፋቱ ነው፤ ስለዚህ አንድ ብሎን ብቻ በማዞር ዲግሪውም ይስተካከላል፣ የክብደቱ ዘንግም ከእግሩ ይርቃል። ቪዲዮው የተቀረጸው ከላይ ስለሆነ ስንጥቆቹ አይታዩም። ዋናው ጥያቄዬ ግን ነገ ልሂድ ወይስ አልሂድ ነው።

ባለ ትልቁ መስታወት፦
ወደ ሰሜን ከተገፋ የስበት ማዕከሉም ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ከእግሮቹ መካከል ከወጣ ቱቦህ ከነማውንቱ መሬት ላይ ይተኛል። ክብደት ማመጣጠኛ የማይፈልጉት ሃርሞኒክ ድራይቭ ያላቸው ማውንቶች እያሉ ለምን ትደክማለህ?

ማኅተም (የሕግ ባለሙያ)፦
የመካኒኩን ክርክር ለባለሙያዎቹ ትቼ የተጠየቀውን ልመልስ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፈጠራ ፓተንት የሚያገኘው አዲስ ሲሆን፣ በሙያው መካከለኛ ዕውቀት ላለው ሰው በቀላሉ የማይገመት የፈጠራ ብቃት ሲኖረውና በኢንዱስትሪ ጥቅም ላይ ሊውል ሲችል ነው። አዲስነቱ የሚመዘነው ከማመልከቻው ቀን በፊት በዓለም ላይ በየትኛውም ቦታ በጽሑፍ፣ በቃል ወይም በመጠቀም ለሕዝብ ከተገለጸው ሁሉ ጋር ነው። በመሆኑም «ዝቅተኛ ላቲትዩድ (ኬክሮስ) ላይ ማውንትን የሚያጋድል ሽብልቅ» ብለህ ብታመለክት ይወድቃል፤ ሽብልቅ ጥንትም ነበር፣ የእንጦጦ ንፋስ እንደነገረህም ተመሳሳይ ውጤት እግር በማስረዘም ይገኛል። ሊጠበቅ የሚችለው መውረዱንና ወደ ፊት መገፋቱን በአንድ ብሎን ያስተሳሰረው ዘንበል ያለ ስንጥቅ ነው። በማመልከቻህ ላይ መብቴ ነው ብለህ የምትገልጸው እሱን መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ግን በካሜራ ድጋፎችና በማሽን መሣሪያዎች ላይ ተመሳሳይ አሠራር የሚገልጹ የቆዩ ፓተንቶች መኖራቸውን ፈትሽ። ለፎቶ መቆሚያ የተጻፈ ለቴሌስኮፕም ይቆጠርብሃልና።

ስለ ቪዲዮው፦ አዋጁ አመልካቹ ራሱ የገለጸው ወይም ሌላው ሰው አለአግባብ ያወጣበት ነገር ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ የሆነ ከሆነ አዲስነቱን እንደማያሳጣ ይደነግጋል። እኔን ከቪዲዮው ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሩ ላይ የተቀመጠው ናሙና ነው፤ ማንም አላፊ አንሥቶ ስንጥቁን ማየት ይችላል። የ12 ወሩን ጊዜ እንደ ዕረፍት አትቁጠረው፣ በመካከል ሌላ ሰው ቀድሞ ካመለከተ ክርክር ውስጥ ትገባለህ። የፈጠራ ብቃቱ ያጠራጥራል ካልክ የአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት የሚባለው መንገድ አለ፤ የፈጠራ ብቃት አይጠየቅበትም፣ አዲስነቱና በኢንዱስትሪ መዋሉ ይበቃል። ፓተንቱ 15 ዓመት ሆኖ ፈጠራው በአገር ውስጥ እየተሠራበት ከሆነ 5 ዓመት ሲጨመርለት፣ አነስተኛው 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። በእኔ አስተያየት ለዚህ ዕቃ የሚስማማው ይኸኛው ነው።

ከሜሪላንድ፦
ማኅተም ላሉት አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካም ፈጣሪው ራሱ ከገለጸ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በአውሮፓ ግን ፈጣሪው በፈቃዱ ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ያሳየው ነገር አዲስነቱን ያጣል፤ ወደዚያ ገበያ የሚያስብ ሰው እንደ ኢትዮጵያው የ12 ወር ጊዜ አለኝ ብሎ እንዳይዘናጋ። አዲስ አበባ የተሰጠ ፓተንት ደግሞ የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው።

ቀልደኛው ጁፒተር፦
አውሮፓ ውስጥ በ9 ዲግሪ ላይ ያለ ከተማ ስለሌለ በዚያ በኩል ስጋት የለበትም።

ማኅተም (የሕግ ባለሙያ)፦
ጁፒተር ሲቀልድ እንኳ ገበያውን አሳየን፤ ደንበኞቹ ያሉት በኬንያ፣ በኮሎምቢያና በደቡብ ሕንድ ነው። ዘጠኝ ዲግሪ፣ ወደ ነገው ቀጠሮ ከመሄድህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ስንጥቁ ዘንበል እንዲል ያሰበው ማን ነው?

ዘጠኝ ዲግሪ (ጠያቂ)፦
የእኔ ስዕል ላይ ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነበር፤ የላይኛውን ላሜራ በእጅ እየገፋሁ በሁለተኛ ብሎን እንዳጠብቀው ነው ያሰብኩት። የቶርኖ ባለሙያው «ዘንበል ብናደርገው ራሱ ይሄዳል» አለኝና አደረግነው። ነገር ግን ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ የላሜራውንም የእጅ ዋጋውንም የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ማኅተም (የሕግ ባለሙያ)፦
እንዲህ ከሆነ ጉዳዩ ከጠየቅኸው የተለየ ነው። በስዕልህ መሠረት የቆረጠ፣ የበየደና ብሎን የገጠመ ሰው በዚያ ብቻ ፈጣሪ አይባልም፤ ጥበቃ ሊያገኝ የሚችለውን ያንኑ ክፍል ያሰበ ሰው ግን ይባላል። ከላይ እንዳልኩት ሽብልቁ ብቻውን አዲስ አይደለም፤ አዲስ ሊሆን የሚችለው የቶርኖ ባለሙያው ዘንበል ያለ ስንጥቅ ነው። ገንዘብ መክፈል ብቻውን ፈጣሪ አያሰኝም፤ መብቱ የከፋዩ ነው ወይስ የሠሪው ለሚለው ጥያቄ በመካከላችሁ የተደረገው ስምምነት ወሳኝ ነው፣ በጽሑፍ የያዛችሁት ነገርም ያለ አይመስለኝም። ስሙን ትተህ ብታመለክት ኋላ እሱ ሲከራከርህ የምትይዘው አይኖርህም። ስለዚህ ነገ ሂድ፤ ነገር ግን ስዕሉን ለመስጠት ወይም ለመከልከል ሳይሆን የሁለታችሁን ስም የያዘ ማመልከቻ በጋራ ለማስገባት፣ የትርፉን ድርሻ በጽሑፍ ለመወሰንና ማመልከቻው እስኪገባ ድረስ ናሙናው ከበሩ እንዲነሣ ለመስማማት ሂድ። ማመልከቻውን የሚቀበለው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ባለ ትልቁ መስታወት፦
ታዲያ የቶርኖ ባለሙያው እዚህ ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደነበር መስማት እፈልጋለሁ።

ከሜሪላንድ፦
ዘጠኝ ዲግሪ፣ ሄድክ? ከተስማማችሁ አንዱን ገዝቼ ልጁ ናይሮቢ ላለ ጓደኛዬ መላክ እፈልጋለሁ።

አዲስ አባል፦
ሰላም። መልሶቹን ሁሉ አላነበብኩም፤ ነገር ግን ችግሩ የክብደቱ ዘንግ ከእግሩ ጋር መጋጨቱ ከሆነ ትሪፖዱን አዙሮ ሁለቱን እግሮች ወደ ሰሜን ማድረግ ይበቃል።

የእንጦጦ ንፋስ፦
ወንድሜ፣ ወደ ላይ ከፍ ብለህ ብታይ ተጽፏል። ለማንኛውም የደቡቡን እግር ስታስረዝም መቆለፊያውን ደጋግመህ አጥብቅ፤ ክብደቱ በሙሉ በእሱ ላይ ባይሆንም እሱ ከተንሸራተተ ዋልታውን እንደገና መፈለግ አለብህ።