የቡና ማሳ የመለካት ወጪ በማን ኪስ ይሁን?

አስተባባሪ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ የበቀለ ቡና ወደ ገበያቸው አይገባም። ቡናው የበቀለበት ማሳ በጂፒኤስ መታወቅ አለበት። ሕጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትላልቆቹ ኩባንያዎች አሁን ዲሴምበር 2026 ላይ ቆሟል። ማሳ የመለካቱን ወጪ ማን ይሸፍን? ስድብ የለም።

ቡና ላኪ (አዲስ አበባ)፦ ቀድሜ ልናገር፣ የሚነካው የእኔ ኪስ ነው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፣ ጆንያው 60 ኪሎ። 19,200 ኪሎ ጥሬ ቡና ማለት ነው። የታጠበ ቡና ከሆነ ለአንድ ኪሎ ወደ 6 ኪሎ እሸት፣ ማለትም ከዛፉ የተለቀመ ቀይ ፍሬ፣ ይፈጃል። አንድ ገበሬ በወቅቱ 300 ኪሎ እሸት ያመጣል ብንል፣ ለአንድ ኮንቴይነር ከ380 ገበሬ በላይ መመዝገብ ሊኖርብኝ ነው። ብራዚል ያለው ትልቅ እርሻ ብቻውን ይሞላዋል። ሕጉ አንድ፣ ወጪው ግን ለየቅል። የባንክ ወለድ ደግሞ አለ። ገዢው ካልከፈለ ሒሳቡ አይወጣም።

ባለ ሻይ ቤት፦ ለአውሮፓ መሸጥ ግድ ነው እንዴ? ሳዑዲ ካርታ አትጠይቅም። ቻይናም እየገዛች ነው። ለእነሱ ሸጠን እንገላገል።

ላኪ፦ ጀርመንን የሚያህል ገዢ ጥለህ? የቀሩት ገዢዎች ሌላ መሄጃ እንደሌለህ ባወቁ ማግስት ዋጋውን ራሳቸው ይቆርጡልሃል።

ቀማሽ (የቡና ጣዕም መርማሪ)፦ የጃፓኑን የረሳችሁት ትመስላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቡናችን ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተባለና ገዢው ሸሸ። በኋላ ጆንያው ነው የተጠረጠረው። የእያንዳንዱ ጭነት ምንጭ ቁልጭ ብሎ ቢታወቅ ኖሮ ጥቂቱን ጥለን ብዙውን እናድን ነበር። ስለዚህ ልኬቱን የአውሮፓ ቅጣት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ቡና በማዕከል የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲጀመርም ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ የማጠቢያ ጣቢያው ስም መጋዘን በር ላይ ይቀር ነበር። በቀጥታ መላክ ሲፈቀድ ነው ጣቢያ በስሙ የሸጠው። ለጥሩ ቡና ዋጋ የጨመረውም ያ ነው።

ቡና አቅራቢ (ጅማ)፦ ሁላችሁም ከቢሮ ነው የምታወሩት። ገበሬው ጂፒኤስ የያዘ ልጅ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግብር ሊጨምሩብን ነው?» ነው። አይፈረድበትም። ስሙና ስልኩ፣ የማሳው ስፋት ሳይቀር ተመዝግቦ ይሄዳል፤ ለእሱ አንዲት ወረቀት አይቀርለትም። ሦስት ላኪ በየተራ እየመጣ ያንኑ ማሳ ይለካል! ሕጉ ደግሞ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል ነው የሚለው። የእኛ ገበሬ ስንቱ ነው 4 ሄክታር ያለው? ዙሪያውን በእግር መዞሩ ለምን አስፈለገ?

ላኪ፦ ጋሼ፣ መረጃውን ለሌላ የማልሰጠው ስለከፈልኩበት ነው። በራሴ ወጪ የለካሁላቸው ገበሬዎች እሸቱን ማታ ለሌላ ሰብሳቢ ሸጡት።

አቅራቢ፦ ማሳውን ለካህ እንጂ እሸቱን መቼ ገዛህ? ሌላው ጨምሮ ከፈለ፣ ወሰደ። ልኬት ቀብድ አይደለም።

የዩኒየን (የገበሬ ማኅበራት ኅብረት) ሒሳብ ሠራተኛ፦ እኔ የምለው፣ ነጥቡ አንድ ጊዜ ይወሰድ። መዝገቡ የቀበሌው ገበሬዎች መሠረታዊ ማኅበር ጋ ይቀመጥ፣ ገበሬው ቅጂውን ይያዝ። ላኪው መዝገቡን ሲጠቀም በገዛው ኪሎ ልክ ለማኅበሩ ይክፈል። እንዲህ ከሆነ ላልገዛው እሸት አያወጣም፣ ገበሬውም የፈለገው ጋ ይሸጣል። የውጭው ገዢ ድርሻ ደግሞ ውሉ ላይ ለብቻው ይጻፍ። ለጥሩ ጣዕም ከሚከፈለው ጭማሪ ጋር ሲቀላቀል እኮ ነው ድራሹ የሚጠፋው። ገበሬው ላይ መጫን የሚባለውን ግን ጨርሶ አልቀበልም።

ባለ ሻይ ቤት፦ ማኅበር ውስጥ የሌለውስ? መንግሥት ይመዝግበው ካላችሁ የግብሩ ፍርሃት እውነት ሆነ ማለት ነው።

የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ፦ አባል ያልሆነውም እዚያው ይመዝገብ። መመዝገብ አባል መሆን አይደለም።

አቅራቢ፦ በኪሎ መክፈሉ ያስማማኛል። የጫካ ቡናውስ? ጥላ ሥር ያለ ቡና ከሳተላይት ሲታይ ደን ይመስላል። ገበሬው ያረጀ የጥላ ዛፍ ቢቆርጥ ደን መነጠረ ሊባል ነው። ማሳው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ሰው ያስፈልጋል። አበሉም እዚያው ኪሎ ውስጥ ይታሰብ።

ላኪ፦ በኪሎ ስንት እንደሆነ ቁጥር አምጡልኝ፣ ለገዢዬ እጽፋለሁ። ሌሎቹ ላኪዎችም እዚያው መዝገብ ይግቡ እንጂ እኔ ብቻዬን ከፍዬ እነሱ በነፃ አይጠቀሙም።