ለችግኝ ገንዘብ አለ፣ ለዘበኛ የለም፤ ምን ትመክሩናላችሁ?

ሂሳብ ያዥዋ (ደቡብ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ታቦር ወጣ ባለች ቀበሌ የምትገኝ የአንዲት ትንሽ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ሂሳብ ያዥ ነኝ። እንጀራዬ መምህርነት ነው፤ ሂሳቡን የያዝኩት ማኅበሩ ሲመሠረት «የአንቺ የእጅ ጽሑፍ ይነበባል» ተብዬ ነው። አባላቱ 34 ነን። በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር እናዋጣለን። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ግርጌ ያለውን የተራቆተ ተዳፋት ቀበሌው ፈቅዶልን፣ ከከብት ንክኪ ከልለን ወይራ፣ ጥድና ኮሶ እንተክላለን።

አንድ ዘበኛ አሉን። ደመወዛቸው በወር 2,500 ብር ነው። መዋጮው 1,700 ብር ብቻ ስለሆነ በየወሩ 800 ብር ይጎድላል። ጉድለቱን የምንሞላው ጥቅምት ላይ ከተከለለው ቦታ ሣር አሳጭደን በመሸጥ ነው። ዘንድሮ ሣሩ 11,000 ብር አስገኘልን፤ የዓመቱ ጉድለት 9,600 ነውና 1,400 ብር ተረፈን። በእርሷ ለዘበኛው ቦቲ ጫማና የእጅ ባትሪ ገዛንላቸው። የእኛ ፋይናንስ ይኸው ነው።

አሁን አንድ ድርጅት፣ ስሙን ልተወው፣ በመጪው ክረምት 60,000 ችግኝ እንድንተክል 900,000 ብር ልስጣችሁ ብሎናል። በረቂቅ በጀቱ ላይ ለባነርና ለቲሸርት 85,000 ብር ተይዟል። ለዘበኛው የዓመት ደመወዝ ብለን ያስገባነው 30,000 ብር ግን «አስተዳደራዊ ወጪ ነው» ተብሎ በቀይ ተሰርዞ ተመለሰ። የማጠቃለያ ሪፖርቱን የሚፈልጉት በታኅሣሥ ነው።

ታኅሣሥ ላይ እኮ መሬቱ እርጥበቱን ገና አልጨረሰም፤ ችግኝ ሁሉ ቆሞ ይታያል። እኔ የምቆጥረው በግንቦት ነው። በ2015 ክረምት 3,000 ተክለን ነበር። በተከታዩ ግንቦት ከተማሪዎቼ ጋር ወጣን። ቀኝ ኪሴን ባቄላ ሞልቼ፣ ለእያንዳንዱ አሥር የጸደቀ ችግኝ አንድ ፍሬ ወደ ግራ ኪሴ አዛውር ነበር። ማታ ግራ ኪሴን ጠረጴዛ ላይ ብገለብጠው 114 ባቄላ። 1,140 ችግኝ ማለት ነው። ከጠፉት ብዙዎቹን የገደላቸው ፀሐይ አይደለም፤ ዘበኛው ታመው በተኙባቸው ሦስት ሳምንታት የገቡ ፍየሎች ናቸው። ፍየል የነካው የወይራ ችግኝ ያስታውቃል፤ ጫፉ ተቦጭቆ ልጡ እንደ ክር ተንጠልጥሎ ይቀራል።

እንቀበል ወይስ እንተው? ሕጉስ በእርግጥ ዘበኛን አስተዳደራዊ ወጪ ይለዋል?

ነጋዴው (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ገንዘብ እምቢ አይባልም። ተቀበሉ፣ ትከሉ፣ ፎቶ ተነሡ። ከ60,000 ውስጥ 20,000 ቢጸድቅ እንኳ ከ1,140 አይበልጥም? በሂሳብ ያዥ አፍ እምቢታ ሲነገር ዛሬ ገና ሰማሁ።

ጡረተኛው የደን ባለሙያ

ወንድሜ ነጋዴው፣ ችግኝ እንደ ጨው ከመጋዘን ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርቻለሁ። ወይራ ከተዘራ በኋላ ለተከላ እስኪደርስ ዓመት ገደማ መደብ ላይ ይቆያል። ፍሬው ድንጋይ የለበሰ ነው፤ ሳይሰነጠቅ ከተዘራ ለመብቀል ወራት ይፈጃል። እኛ ጋ ሴቶቹ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በመጅ መታ ያደርጉት ነበር። እጅ ከከበደ ፍሬው ይደቅቃል፣ ከቀለለ ድንጋዩ አይከፈትም፤ ያንን ልክ የሚያውቁ ሁለት ሴቶች ነበሩን፣ እነርሱ ያልመጡ ቀን ሥራው አይሠራም። እንግዲህ ዛሬ ተነሥቶ በስድስት ወር 60,000 ችግኝ ላድርስ የሚል ሰው የሚያደርሰው ወይራ አይደለም፣ ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። የበጀቱ ዓመት የዛፉን ዓይነት ይመርጥላችኋል።

ወደ እርስዎ ልመለስ፣ እመቤት። እናንተ ያላችሁበት ደቡብ ጎንደር የዚህ ጉዳይ ትምህርት ቤት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ባደረጉት ጥናት የችግኝ ዋና ጠላት የከብት ግጦሽና ኮቴ መሆኑን አሳይተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም ለደኖቹ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ ገንዘብ አሰባሰቡ። ድንጋዩ የተለቀመው በዙሪያው ካለው የገበሬ ማሳ ነው፤ ገበሬው ማሳው ጸዳለት፣ ደኑ አጥር አገኘ። ካብ ደመወዝ አይጠይቅም፣ ታሞም አይተኛም። ዘበኛው ግን አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም፤ ካብ ሲፈርስ የሚያየው ሰው ነው።

ደግሞ ሁሉን መትከል ግዴታ አይደለም። ወላይታ ውስጥ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ተራራ ያገገመው በአብዛኛው ከጉቶ ያቆጠቆጠውን በመንከባከብና ቦታውን በመጠበቅ ነው። የዓለም ባንክ የካርቦን ገንዘብ፣ ማለትም ደን ከአየር ለሚመጠው ካርቦን የሚከፈለውን፣ የከፈለውም ለዚያ ደን ነው፤ ለተተከለ ችግኝ ቁጥር አልከፈለም። የእናንተ ተዳፋት ከደን ግርጌ ከሆነ ዘሩን ወፎች ያወርዱላችኋል። እናንተ ፍየሉን ብቻ አስቀሩ።

ኦዲተሯ (አዲስ አበባ)

ስለ ሕጉ ብቻ ልናገር፣ ዛፍ አላውቅም።

በጀታችሁን የሰረዘው ሰው ልቡ በድሮው ሕግ ላይ የቀረ ይመስለኛል። በበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ዘመን 70/30 የሚባል መመሪያ ነበር፤ ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ማለት ነው፤ ብዙ የፕሮጀክት ወጪ በአስተዳደር ስም ይቆጠር ስለነበር ትንንሽ ማኅበራትን አሳር አብልቷል። አሁን ያለው አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ አስተዳደራዊ የሚለውም ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውን ነው። የቢሮ በር ላይ የሚቆም ዘበኛ አስተዳደር ነው። ችግኝ የሚጠብቅ ግን ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ቢከራከሯችሁ እንኳ የ900,000 ብር 20 በመቶ 180,000 ነው፤ 30,000 ብር ጥጉን አይሞላም።

ለጋሹ ግን በገንዘቡ ላይ የራሱን ገደብ የማስቀመጥ መብት አለው፤ አዋጅ ጠቅሳችሁ አታስገድዱትም። ስለዚህ በጀቱ ላይ «ዘበኛ» ብላችሁ አትጻፉ። ዘበኛው አረም ይነቅላሉ? የሞተውን ይተካሉ? ካብ ይጠግናሉ? ከሆነ «የችግኝ እንክብካቤ ሠራተኛ» ናቸው፤ የሥራ ዝርዝራቸውን አባሪ አድርጉ። ካልሆነ አትዋሹ፣ ሂሳቡን የሚመረምር ሰው መስክ ወርዶ ሊጠይቃቸው ይችላል።

የሣሩ ሽያጭም ነውር የለበትም። አዋጁ ገቢ ማስገኛ ሥራ ይፈቅዳል፣ ትርፉ ለአባላት እስካልተከፋፈለና ለዓላማው እስከዋለ ድረስ። ደረሰኝ ብቻ ቁረጡ። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በኩል የሚሰጠውንና በአጭሩ የጂ.ኢ.ኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) አነስተኛ ድጋፍ የሚባለውንም ጠይቁ፤ ለዓመታት ጣሪያው 50,000 ዶላር የነበረ ለእንደናንተ ዓይነት ማኅበራት የተዘጋጀ ነው፤ በጉልበትና በዓይነት ያዋጣችሁትንም ይቆጥርላችኋል። ድንጋይ የተሸከማችሁበትን ቀን ሁሉ ከነፊርማው መዝግቡ።

የመሬቱን ፈቃድስ በጽሑፍ ይዛችኋል? ያልጠየቁኝን መጠየቅ ልማዴ ነው።

የአገር ቤት ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

እዚህ 23 ሆነን በወር አሥር አሥር ዶላር እያዋጣን የተወለድንበትን መንደር ምንጭ ለሚጠብቁ ሰው እንልካለን። መጀመሪያ ላይ ከግብር ተቀናሽ እንዲሆንልን ፈልገን ነበር። ለካ እዚህ ያልተመዘገበ ማኅበር ላይ በቀጥታ የተሰጠ ስጦታ አይቀነስም፤ እዚህ በተመዘገበ ድርጅት በኩል ማለፍ አለበት፣ ገንዘቡንም የሚያዘው እርሱ ነው፣ ከላዩም ድርሻውን ያነሣል። ሁለት ስብሰባ ተጨቃጭቀንበት ተውነው። አሁን በባንክ በቀጥታ እንልካለን።

አሥር ዶላር ለሚሰጥ ሰው ባነር አያስፈልገውም። እኛ የምንጠይቀው በየወሩ ከአንድ ቦታ የተነሣ አንድ ፎቶ ነው። የሦስተኛው ወር ፎቶ ላይ በግ ታየች፤ የዚያን ሰሞን የስልክ ብዛት! ከአገራችሁ ልጆች አንድ አሥር ሰው ፈልጉ፣ የዘበኛው ደመወዝ ይሸፈናል።

ሂሳብ ያዥዋ (ደቡብ ጎንደር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነጋዴው ወንድሜን ጭምር፤ ግን 20,000 ይጸድቃል ያሉት ከየት አምጥተው ነው? በእኛ ልክ ከ60,000 22,800 ይጸድቃል እንበል። ያኛው 38 በመቶ የተገኘው ግን አንድ ዘበኛ 3,000 ሲጠብቁ ነው። 60,000ውን ያለ ዘበኛ ስንተክል ለፍየሎቹ ድግስ ነው የምንደግሰው፤ በሚቀጥለው ዓመትም የቀበሌው ሰው ለጉድጓድ ቁፋሮ ስንጠራው አይወጣልንም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ነበር። በጡረተኛው አባታችን ምክር አዲስ ሐሳብ ጻፍን፤ 6,000 ችግኝ ብቻ፣ በሁለት ክረምት፣ የመጀመሪያው ዓመት ለፍሬ መልቀምና ለካብ። ቆጠራው በግንቦት። ኦዲተሯ እህቴ እንዳለችው የዘበኛው የሥራ ዝርዝር ተያይዟል፤ ውሸት የለበትም፣ አረሙን የሚነቅሉት እርሳቸው ናቸው። የመሬቱ ፈቃድ በቃለ ጉባኤ እንጂ በደብዳቤ እንዳልሆነ ያወቅሁት ጥያቄውን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ ሰኞ ቀበሌ ሄጄ ሊቀ መንበሩን አጥቼ ተመልሻለሁ፣ ነገም እሄዳለሁ። ድርጅቱ እስካሁን መልስ አልሰጠም።

ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ፦ ሰባት ሰው አግኝተናል፣ ሦስቱ የቀድሞ ተማሪዎቼ ናቸው።

ዘበኛውም ስብሰባው ላይ ነበሩ። በጀቱ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ ዝም ብለው ሰሙ። የባነሩን መስመር ልናወጣው ስንል ግን እጃቸውን አነሡ። «እሱን አትሰርዙት» አሉ፤ «ትልቅ ከሆነ ለጎጆዬ ይሆናል፤ በስተምሥራቅ በኩል ታፈሳለች።»