የሚከራይ ቤት የኤሌክትሪክ መስመርና የከሰል ጉዳይ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያላቸው ሦስት ክፍሎች አከራያለሁ። ተከራዮቼ የእንጀራ ምጣድ ሲሰኩ ገመዱ ስለሚግል፣ ክረምት ሳይገባ ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦ ምጣዱ 3,500 ዋት ያህል የሚስብ ከሆነ፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ስለሚያልፍበት፣ ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ፈጽሞ መሰካት የለበትም። 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የራሱን መስመር ከነብሬከሩ በባለሙያ ያዘርጉለት፤ እስከዚያው ምጣዱ እንዳይሰካ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

መልስ 2፦ አሸንዳም ያስገጥሙ፤ የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ከረጠበ ይፈርሳል።

መልስ 3፦ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሰል ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ ስለሌለው፣ ምድጃ አስገብቶ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላልና፣ እባክዎ ደጅ ላይ ማብሰያ መጠለያ ይሥሩላቸው።