ቸርኬ ጌጥ ነው ያላችሁ፣ እስኪ ኑ

ባለቪትዝ፦ ትናንት አንዱ «መኪናውን ሞዲፋይ ያደረገ ሰው ካሳ ቢከለከል አይገርመኝም» ብሎ ጽፏል። እኔን ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያውን) አንድ ቀን አላሳለፍኩም። ስጋጭ የኩባንያው ጉዳት ገማች መጣና ዝቅ ብሎ አየ። ሞላው (ስፕሪንጉ) ተቆርጧል፣ ቸርኬው (ጎማ የሚታሰርበት ብረት) ሰፍቷል፣ አላሳወቅክም አሉኝ። ኧረ ጌጥ እኮ ነው!

ሰሚት72፦ ጌጥ? ጌጥ መስታወት ላይ የሚንጠለጠል መቁጠሪያ ነው ወንድሜ።

ባለቪትዝ፦ ቸርኬውን ነው ጌጥ ያልኩት። አታጣምም።

የጋራዥ ሰው፦ ሰፊ ጎማ መሪ ሲዞር መከላከያውን ይፋጫል። ሞላ ከተቆረጠ ደግሞ ጉድጓድ ላይ መኪናው አይያዝም። እኔም ቆርጬ አውቃለሁ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው። ጌጥ ብዬ ግን አላስከፈልኩም።

ሰሚት72፦ ጌጥ ከሆነ ታዲያ የቸርኬውን ዋጋ ከካሳው ላይ ለምን ጠየቅክ?

ባለቪትዝ፦ መኪናው የቦሎ (የዓመት) ምርመራ አልፏል! መንግሥት ያሳለፈውን እነሱ ማን ናቸው?

የጋራዥ ሰው፦ ለቦሎ ቀን ቸርኬ የሚዋስ ስንት ሰው አውቃለሁ። አታናግረኝ።

ሕግ አንባቢ፦ የ1952ቱ ንግድ ሕግ እኮ ግልጽ ነው። አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ካለ አሳውቅ ይላል። ኩባንያው አረቦን ይጨምርልሃል ወይ ውሉን ያቋርጣል። አንተ ዝም አልክ።

ባለቪትዝ፦ ውል ስገባ ፎቶ አንስተዋል። ቸርኬው ፎቶው ላይ አለ!

ሕግ አንባቢ፦ ሞላውስ?

ባለቪትዝ፦ ሞላው በኋላ ነው።

ሰሚት72፦ «በኋላ ነው» 😂

ባለዶልፊን፦ ልጁን አትጫኑት። እኔ ፖርቶ መጋላ (ጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ) አስገጥሜ ልናገር ብሄድ ልጅቷ «የት ላይ ልጻፈው?» አለችኝ። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ደብዳቤ ጽፌ ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታሁ። ይኸው ሊብሬው (የመኪናው ደብተር) ውስጥ አለ። ይህን ግን ማን ነገረው ለልጁ? ያዋዋለው ወኪል ኮሚሽኑን ይዞ ሄዷል።

ሰሚት72፦ አረቦን ከበደ ካላችሁ ሦስተኛ ወገን ብቻ ግቡና ተገላገሉ።

ባለዶልፊን፦ ሦስተኛ ወገን የገጨኸውን ሰው ጉዳት እንጂ ያንተን መኪና አይጠግንም። በ799/2005 አዋጅ ደግሞ የንብረት ጣሪያው 100 ሺህ ብር ነበር። ላንድክሩዘር ግጭና ቀሪውን ከኪስህ ክፈል።

ሕግ አንባቢ፦ ርካሽ ፈላጊዎች ሌላም ወጥመድ አለላችሁ። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። 1.8 ሚሊዮን የሚያወጣውን አረቦን እንዲቀንስ በድሮው 600 ሺህ ዋጋ ኢንሹራንስ ካስገባችሁ፣ የዋጋውን ሲሶ ብቻ ስላስገባችሁ 90 ሺህ ጉዳት ሲደርስ የሚታሰብላችሁም ሲሶው፣ 30 ሺህ ነው። ከዚያም ላይ ተቀናሽ (ከኪሳችሁ የምትችሉት ድርሻ) አለ።

ባለቪትዝ፦ እኔ በትክክለኛ ዋጋው ነው ያስገባሁት። ለዚህ ማን አመሰገነኝ?

የጋራዥ ሰው፦ ከነጌጡ ነው ያለጌጡ?

ባለቪትዝ፦ አሁንስ አበዛችሁት። ሞላው ይቅር እሺ። የተመታሁት ከኋላ ነው! ቆሜ! ሞላ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

ሕግ አንባቢ፦ ይህን መጀመሪያ ብትናገር ምን ነበረበት? እሱማ ሌላ ክርክር ነው። ከኋላ የመታህ ሰውዬ ሦስተኛ ወገኑ አለ አይደል?

ባለቪትዝ፦ የቦሎው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል አሉ።

ሰሚት72፦ ለማንኛውም ቸርኬውን ትሸጠዋለህ?